ያሠራችው ቤት፣ አባል የማትሆንበት ክለብ

ባለፈው ሳምንት በመድረካችን ላይ አንድ ጥያቄ አንስቼ ነበር። ሁለት ሦስት ሰው ይመልስልኛል ብዬ ስጠብቅ ሃያ አራት መልስ መጣ። የውይይቱ ክር ረዝሞባቸው ምን ተባለ እያሉ በውስጥ መስመር የጠየቁኝ ብዙ ናቸው። ስለዚህ እንደ አመጣጡ ልተርክላችሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። ፓሪስ ውስጥ ሻንዜሊዜ ጎዳና፣ 25 ቁጥር ላይ አንድ የቆየ ትልቅ ቤት አለ። ያሠራችው ሴት ናት። ሥራው ከ1856 እስከ 1866 አሥር ዓመት ፈጀ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ1904 ጀምሮ ደግሞ ትራቬለርስ የሚባል የግል ክለብ መቀመጫ ነው። አባላቱ ወንዶች ናቸው። ታዲያ የዚህ ቤት ታሪክ የማን ነው? የሴትየዋ ወይስ የክለቡ? እኔ የእሷ ነው ብዬ ጀመርኩ። ክለቡም ቢያንስ ለሴቶች አባልነት በሩን መክፈት አለበት አልኩ።

ብዙ ሰው ስለማያውቃት ሕይወቷንም ባጭሩ ጽፌ ነበር። ስሟ ኤስተር ላክማን ነው። በ1819 ሞስኮ ተወለደች። ቤተሰቧ ከፖላንድ የመጣ አይሁድ ነው፤ አባቷ ሸማኔ ነበር። በ17 ዓመቷ ለአንድ ፈረንሳዊ ልብስ ሰፊ ተዳረች፤ ወንድ ልጅም ወለደች። ብዙ ሳይቆይ ባልም ልጅም ትታ ፓሪስ ገባች። እዚያ አንሪ ኤርዝ ከሚባለው ስመ ጥር ፒያኖ ተጫዋች ጋር ኖረች። እሱ ለኮንሰርት አሜሪካ ሲሄድ ቤተሰቡ ከቤት አስወጣት። ከዚያ በኋላ ባለጸጋ ወንዶች እየከፈሏት የምትኖር ሴት ሆነች። በ1851 ፓይቫ የሚባል የፖርቱጋል ሰው አገባች። ወዲያው ተለያዩ፤ ስሙ ግን ቀረላት። እስከ ዛሬ ላ ፓይቫ እየተባለች ነው የምትጠራው። ከዚያ ጊዶ ሄንክል ፎን ዶነርስማርክ መጣ። ያን ጊዜ በጀርመኖች ሥር የነበረችው የሲሌሲያ ባላባት ነው፤ በዘመኑ አውሮፓ ውስጥ አሉ ከሚባሉት ሀብታሞች አንዱ። በዕድሜ በ11 ዓመት ትበልጠዋለች። ቦታውን በ1855 ገዛች፤ ፒየር ማንጌን የሚባል አርክቴክት ቀጠረች፤ ቤቱም በጣልያን ሬኔሳንስ ስልት ተሠራ።

ያን ቦታ የመረጠችበት ምክንያት አለ ይባላል። ችግረኛ ሳለች አንድ ወንድ ከሠረገላ ገፍትሮ እዚያ ጎዳና ላይ ጣላት፤ እሷም አንድ ቀን እዚሁ ቤቴን እሠራለሁ ብላ ማለች ይላሉ። ይህን ክፍል አፈ ታሪክ መሆኑን ገልጬ ነው የጻፍኩት።

1ኛው መልስ የአንድ ሌሊት ዋጋ ስንት ነው የሚል ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። የቤቱን ስም ኦቴል ደ ላ ፓይቫ ብዬ ሳልተረጉም አስቀምጬዋለሁ። ፈረንሳዮች ኦቴል የሚሉት ማደሪያን ብቻ አይደለም፤ ከተማ ውስጥ ያለ የባለጸጋ መኖሪያንም እንዲሁ ይሉታል። አስተካከልኩ፤ ወንድማችንም በትሕትና አመሰገነ።

ሁለተኛው መልስ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። ረጅም ምርቃት ጻፉልኝ። ሸማኔ የሚለው ቃል ነው የያዛቸው። ልብሳችንን ሁሉ የሠራልንን ሸማኔ በአገራችን ስንት ዘመን ስንሰድበው እንደኖርን አነሱ። የሸማኔ ልጅ ንጉሠ ነገሥቱ ከሚያልፍበት ጎዳና ላይ ያን የመሰለ ቤት ማቆሟ ልባቸውን እንደነካው ጻፉ። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ጣል አደረጉ፤ ሞስኮ ላይ ትታው የሄደችው ልጅ ምን ሆነ አሉ። ያን ጊዜ ማንም አላነሳላቸውም። እኔም አለፍኩት።

3ኛው ቤቱን አውቀዋለሁ ብሎ መጣ። ፕላስ ሳን ዦርዥ የሚባለው አደባባይ ላይ ነው፤ ፊቱ በቅርጻ ቅርጽ የተሞላ ነው፤ ፎቶም አንስቼዋለሁ አለ። በኔ አድራሻም ላይ ስህተት አለ አለ። 4ኛው ግን አረመው፤ ጠበቅ አድርጎ ግን በጨዋ ደንብ። በእሷ ስም የሚጠራ ሁለት ቤት አለ። የሳን ዦርዡ 28 ቁጥር በ1840 የተሠራ ነው። እሷ ኖረችበት እንጂ አላሠራችውም። የሻንዜሊዜው ከመሠረቱ የእሷ ነው። እንዲህ ያለ እርማት ነው መድረካችንን የምወድበት።

ከዚያ ወሬው ትንሽ ተንሸራተተ። 5ኛው ክለብ ሲባል ጭፈራ ቤት መስሎታል። 6ኛው አስረዳ። እንዲህ ያለ ክለብ የሚገባበት መንገድ ነባር አባላት አዲሱን ያቀርቡታል፤ ተመርምሮ ይወሰንበታል፤ መዋጮ ይከፍላል፤ ከዚያ ምሳ ይበላል፣ ጋዜጣ ያነባል፣ ካርታ ይጫወታል፣ ሰው ይተዋወቃል። የድሮዎቹ የእንግሊዝ ክለቦች ድምፅ የሚሰጡት ሣጥን ውስጥ ነጭና ጥቁር ኳስ በመጣል እንደነበር ጨመረ። ጥቁር ኳስ የገጠመው ሰው አይገባም፤ ማን እንደጣለበትም አያውቅም።

7ኛው ታዲያ የኛ እድር ማለት ነዋ አለ። 8ኛው በዚህ ተቆጣ። እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛ ያስተዛዝናል፤ ጎረቤት ሁን እንጂ ድሃ ነህ ብሎ አይመልስህም። የባለጸጋ ክለብ ደግሞ ሥራው መለየት ነው፤ የሁለቱን ስም አንድ ላይ መጥራት ነውር ነው አለ። ቃሉ ቢከርም ነጥቡ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ክለብ የሚታወቀው በሚያስገባው ሰው ብቻ አይደለም፤ በሚመልሰውም ጭምር ነው።

9ኛውን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፓሪስ የምትኖር እህታችን ናት የጻፈችው። ቤቱን አስጎብኚ ይዞ ማየት ይቻላል፤ በተወሰኑ ቀናት፣ ቀድሞ በተያዘ ቀጠሮ። እሷም እንደዚያ ገብታ ነበር። ከመንገዱ ሲያዩት ብዙም አይታይም አለች፤ የፊት ግቢው ላይ ንግድ ቤት ስለተሠራበት እግረኛው ቀና ካላለ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ውስጥ ሲገባ ግን ደረጃው አለ።

ደረጃው ከኦኒክስ ድንጋይ የተሠራ ነው። እሷ እንደገለጸችው ቢጫ ነው፤ ማር ላይ ወተት ጠብ ያለበት ይመስል ነጭ ጅማት ይሮጥበታል። መርገጫውም መደገፊያውም ያው ድንጋይ ነው። እየተጠማዘዘ ይወጣል። በጠዋት ነበር የገባችው፤ መደገፊያውን ስትይዘው እጇን በረዳት። መብራት ሲያርፍበት ግን ድንጋዩ ከውስጥ የበራ ይመስላል አለች። ወደ ላይ እየወጣች ወደ ታች ስታይ፣ ከኋላዋ የነበሩት ጎብኚዎች ሁሉ ፊታቸው ቢጫ ሆኖ ነበር። መታጠቢያ ክፍሉ በሰሜን አፍሪካ ስልት ያጌጠ ነው። ገንዳው ሦስት ቧንቧ አለው፤ በሦስተኛው ወተት ወይም ሻምፓኝ ይወርድ ነበር ይባላል። በትልቁ ሳሎን ጣሪያ ላይ ቀን ሌሊትን ሲያሳድድ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ሠዓሊው ፖል ቦድሪ ነው፤ በኋላ የፓሪስን ኦፔራ ቤት ያስጌጠው ሰው። አንገቷ እስኪታመም ቆማ አየችው።

10ኛው ድንጋዩን ነው የያዘው። ኦኒክሱ የመጣው ከአልጄሪያ ነው፤ አልጄሪያ ደግሞ ከ1830 ጀምሮ በፈረንሳይ ተይዛ ነበር። ደረጃውን ስናደንቅ ድንጋዩን ማን ፈለጠው ብለን መጠየቅ አለብን አለ። 11ኛው ደግሞ ሁሉን ነገር ፖለቲካ አታድርጉብን ብሎ ቆጣ አለ። እኔ 10ኛውን ደግፌ ነው የጻፍኩት። ድንጋዩ ከየት እንደመጣ መናገር ፖለቲካ አይደለም፤ የቤቱ ታሪክ ነው።

ነገሩ የከረረው 12ኛው ላይ ነው። አንድ ሰው ሴትየዋን እዚህ በማልደግመው ቃል ሰደባት። ለእንዲህ ዓይነት ሴት ታሪክ መጻፍ ጊዜ ማጥፋት ነው አለ። አስተባባሪው ቃሉን አጠፋው። 13ኛዋ እህት ግን ከመጥፋቱ በፊት አይታው ኖሮ ረጅም መልስ ጻፈች። የከፈሉት ወንዶች ሚኒስትርና ልዑል ተብለው ሐውልት ሲቆምላቸው፣ የተከፈላት ብቻ ለምን ስድብ ይደርሳታል አለች። በዘመኗም ቢሆን ቀልደውባታል። ያ የኦኒክስ ደረጃ ሲያልቅ፣ በጎነት ደረጃ እንዳለው ሁሉ ኃጢአትም ደረጃ አለው የሚል ግጥም በፓሪስ ተወራ። እህታችን ያስተዋለችው ነገር ገረመኝ፤ ጨዋታው በአማርኛም ሳይለወጥ ይሠራል። የምንወጣበትም ደረጃ ነው፣ የምንመዘንበትም ደረጃ ነው።

14ኛው የቋንቋ ሰው ሳይሆን አይቀርም። እንግዲያው በአማርኛ ምን እንበላት ብሎ ጠየቀና ራሱ መለሰ። ቅምጥ እንዳንላት፣ ቅምጥ ሚስት ያለው ሰው በሌላ ቤት የሚያኖራት ሴት ናት፤ ዶነርስማርክ ግን ያን ጊዜ ሚስት አልነበረውም። ውሽማ እንዳንላት ውሽማ በድብቅ ነው፤ እነሱ በአደባባይ ነበሩ። በ1871 የፓይቫ ጋብቻ በሕግ ከፈረሰ በኋላ ደግሞ አግብቷታል። ስለዚህ ሚስቱ እንበላት አለ። ከክሩ ሁሉ አጭሩና ያማረው መልስ ለኔ ይህ ነው።

15ኛው ወደ ገንዘቡ መለሰን። ቤቱ የተሠራው በሰውየው ሀብት ነው፣ ስለዚህ የእሷ ቤት ማለት ማጋነን ነው አለ። አያይዞም ከ1870ው የፈረንሳይና የጀርመን ጦርነት በኋላ ዶነርስማርክ ፈረንሳይ በተሸነፈችበት ጊዜ ጀርመን በያዘችው በሎሬን አውራጃ በጀርመን በኩል ሹመት እንደነበረው፣ ፈረንሳይ የከፈለችው 5 ቢሊዮን ፍራንክ ካሣ ሲወሰንም እጁ እንዳለበት አነሳ። ባልና ሚስቱ በሰላይነት ተጠርጥረው ፓሪስን የለቀቁትም ከዚያ በኋላ ነው። እሷ በ1884 ሲሌሲያ ውስጥ ኖይዴክ በሚባለው ቤተ መንግሥታቸው ሞተች። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ገንዘቡ የእሱ መሆኑንም አልክድም። ግን ቦታውን የመረጠች፣ አርክቴክቱን የያዘች፣ ሠዓሊዎቹንና ቀራጺዎቹን ያሰባሰበች እሷ ናት። ከቀራጺዎቹ አንዱ ዡል ዳሉ ነበር፤ ያን ጊዜ ገና ወጣት ነው። ዛሬ ፓሪስ ናሲዮን አደባባይ ላይ የቆመው ትልቁ የሪፐብሊክ ሐውልት የእሱ ሥራ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ገና ሳይታወቅ ማሠራት ገንዘብ ብቻ አያደርገውም።

16ኛው ያላሰብኩትን አመጣ። በእሷ ዘመንም ቢሆን ማዕዱ የወንዶች ነበር አለ። ቴዎፊል ጎቲየ፣ ሳንት ቦቭ፣ ኢፖሊት ቴን፣ የጎንኩር ወንድማማቾች፤ የተጋበዙት ጸሐፊዎች ሁሉ ወንዶች ናቸው። ጨዋ የሚባሉት የፓሪስ እመቤቶች ደጇን አይረግጡም ነበር። ስለዚህ ክለቡ የቤቱን ልማድ ቀጠለ እንጂ አልለወጠም አለ። አንድ ቀን ሙሉ ምን ብዬ እንደምመልስለት ሳስብ ዋልኩ። የመለስኩት ይህን ነው። በማዕዱ ራስ ላይ የተቀመጠችው እሷ ነበረች። ማን ይምጣ፣ ማን ይቅር የምትለው እሷ ነበረች። በከተማዋ ያሉ ሴቶች የዘጉባትን በር እሷ በራሷ ቤት ለወደደችው ከፈተች። ከ1904 በኋላ ያ ወንበር የወንዶች ሆነ። ልዩነቱ ለኔ እዚህ ላይ ነው።

17ኛው ያቀረበው ክርክር ግን አሸንፎኛል። ሴትየዋ ከሞተች በኋላ ቤቱ ተሸጠ፤ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ምግብ አብሳይ የነበረ ሰው ምግብ ቤት ከፈተበትና አልሆነለትም። ያን ጊዜ ሻንዜሊዜ ግራና ቀኙ የባለጸጋ መኖሪያ ነበር። ዛሬ ሱቅ፣ ባንክና ሲኒማ ነው። የቀሩት ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የላ ፓይቫ ቤት ከነጣሪያ ሥዕሉ፣ ከነደረጃው፣ ከነመታጠቢያው የቆየው ክለቡ ስለያዘው ነው። መንግሥት በታሪካዊ ቅርስነት የመዘገበው በ1980 ነው፤ እስከዚያ ሰባ ስድስት ዓመት ሙሉ የጠበቁት አባላቱ ናቸው አለ። የመክፈቻ ጽሑፌ ላይ ክለቡ ቤቱን ቀማት የሚል ቃል ነበረበት። አጥፍቼዋለሁ። ተቀማ አይባልም፤ ተጠብቋል። ለአባልነት ያለኝ ጥያቄ ግን እንዳለ ነው።

18ኛው የለንደን ነዋሪ ነው። የፓሪሱ ክለብ ለንደን ፓል ማል ላይ ያለው የትራቬለርስ ክለብ ቅርንጫፍ ነው አለ። የለንደኑ የተመሠረተው በ1819 ነው፤ ኤስተር በተወለደችበት ዓመት። ያን ጊዜ አባል ለመሆን ከለንደን በቀጥታ መስመር 500 ማይል ርቆ የተጓዘ ሰው መሆን ያስፈልግ ነበር። 19ኛው ቅርንጫፍ የሚለውን አረመ፤ ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ ሁለቱ የተለያዩ ክለቦች ናቸው። ሁለቱም ሳይካረሩ ተስማሙ።

20ኛው በዚያው በለንደን ወሬ ቀጠለና የ17ኛውን ሐሳብ አጠናከረው። ፒካዲሊ ላይ ካምብሪጅ ሃውስ የሚባል የ18ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ ቤት አለ። ጠቅላይ ሚኒስትር ፓልመርስተን ኖረውበታል። እሳቸው በ1865 ሲያርፉ የባሕር ኃይልና የጦር ሠራዊት መኮንኖች ክለብ ገባበት። በሩ ላይ መግቢያና መውጫ ተብሎ በትልቁ ስለተጻፈ ሕዝቡ ክለቡን ራሱን በዚያ ስም ነበር የሚጠራው። ክለቡ በ1999 ለቀቀ። ከዚያ ቤቱ ለብዙ ዓመት ባዶውን ቆመ። 20ኛው በዚያ ሲያልፍ ያየውን ጽፏል፤ መስኮቶቹ አቧራ ለብሰው፣ ቀለሙ ተቀርፎ፣ ሰው አልባ ሆኖ። ሰው የሌለበት ቤት ቶሎ ያረጃል አለ። ይህን ማንም አልተከራከረውም።

21ኛው ወደ አዲስ አበባ መለሰን። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ቤት ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ መስቀል አደባባይ አጠገብ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል። ማንም ከፍሎ ይገባል። ይህ ከክለብ ይሻላል አለ። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ወስደውን የእንጨት በረንዳው ሲንቋቋ አስታውሳለሁ። 22ኛው ግን የፈረሱትን ለምን ረሳችሁ ብሎ መረር ያለ ነገር ጻፈ። ከፒያሳ ጀምሮ ብዙ ጠቀሰ። ጉዳዩ ራሱን የቻለ ክር ስለሚያስፈልገው አስተባባሪው ለየብቻ እንዲከፈት ጠየቀ። ቢከፈት እጽፍበታለሁ።

23ኛው ዶነርስማርክ ሬሳዋን በአልኮል ውስጥ አድርጎ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ አስቀምጦት ነበር የሚለውን ወሬ ይዞ መጣ። ይህ ወሬ በየቦታው ይደገማል። የሞተች ሴት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያለ ማስረጃ ማውራት አይገባም ብዬ መለስኩለት። ትንሽ ቃሌ ሳይከብድ አልቀረም። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እሱም ጨዋ ነው፣ ጽሑፉን ራሱ አነሳው።

24ኛው ጋሼ ናቸው፤ 2ኛውን መልስ የጻፉት። ሁላችሁም ስለ ድንጋዩና ስለ ክለቡ ተከራከራችሁ፣ የኔን ጥያቄ ግን ማንም አልመለሰልኝም አሉ። ልጁስ?

ልጁ አንትዋን ይባላል። በ1837 ተወለደ። የሕክምና ትምህርት እየተማረ ሳለ በ1862 ሞተ። ቤቱ ያን ጊዜ ገና እየተሠራ ነበር፤ ሊያልቅ አራት ዓመት ይቀረው ነበር። ይህን ጻፍኩላቸው። ነፍስ ይማር አሉ። ከዚያ በኋላ ክሩ ላይ የጻፈ የለም።